ሸክላና እንጨት ሲጋቡ

ካቻምና በሐምሌ ወር፥ አንድ ምሽት መጽሐፍ ሳነብ ጠረጴዛዬ ላይ የነበረው መብራት ድንገት «ቀጭ!» አለ። ብመለከተው አንገቱ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል። የገዛ እጄ ሥራ ነበረና እጅግ አዘንሁ።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። አንድ የሸክላ ማሰሮ ከዋንዛ በተሠራ መቆሚያ ላይ አስቀመጥሁ። አንገቱንም በእንጨት ውታፍ ደፍኜ አምፑሉን ከዚያ ላይ ተከልሁ። ውታፉ እንዳይነቃነቅ ብዬ በኮላ አጣበቅሁት። በወረቀት ላይ በማስመሪያና በኮምፓስ ስነድፈው አንዳች ጉድለት አልታየኝም ነበር።

ስባሪውን ይዤ ቀጨኔ ካሉት ሸክላ ሠሪዎች ዘንድ ሄድሁ። አንዲት እናት አገላብጠው አዩትና ሣቁ። «ልጄ፥ ሸክላ አንዴ ከተተኮሰ ወዲያ ባለበት ይረጋል። እንጨት ግን ክረምት ሲገባ ያብጣል። መላወሻ ካልተውህለት ይሰብረዋል» አሉኝ። እርጥበት እንጨትን እንደሚያሳብጥ በኮሌጅ ተምሬአለሁ፤ ለተማሪዎቼም አስተምሬአለሁ። ዳሩ ግን ዕውቀቱ ከደብተሬ ወደ እጄ አልወረደም ነበር።

ሁለተኛውን መብራት ከእኒህ እናት ጋር ሠራነው። ጭቃ ሲደርቅና ሲተኮስ ከ10 እጅ አንዱን ያህል ሊያንስ ስለሚችል፥ 20 ሳንቲ ሜትር ቁመት ለማግኘት ወደ 22 ሳንቲ ሜትር አድርገው አበጁት። የሽቦውንም ቀዳዳ ጭቃው ጠንከር ሲል፥ ፈጽሞ ሳይደርቅ በሱት። እኔ በበኩሌ በሚገባ የደረቀ ዋንዛ መረጥሁ። እንጨት በቁመቱ እምብዛም አይለወጥም፤ የሚያብጠውና የሚኮማተረው በአግድሙ ነው። ስለዚህ በውታፉ ዙሪያ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ትቼ፥ በኮላ ፈንታ ለስላሳ ቆዳ ጠቀለልሁበት። ሁሉን አንድ አድርጎ የሚይዘው በመካከል የሚያልፍ ባዶ የብረት ዘንግ ነው፤ ሽቦው በውስጡ ያልፋል። ዳዶው በእጅ ብቻ ይጥበቅ፤ በመፍቻ ከተጨቆነ ሸክላው ይሰነጠቃል። የዘንጉም አፍ ሽቦውን እንዳይልጠው በሞረድ ይለስልስ። የ220 ቮልት ኤሌክትሪክ ቀልድ አያውቅምና፥ ከመሰካታችሁ በፊት ለባለሙያ አሳዩት። ባለ 9 ዋት የኤል ኢ ዲ አምፑል እንደ ድሮው ባለ 60 ዋት አምፑል ያህል ያበራል፤ ሙቀቱም ጥቂት ስለ ሆነ ለእንጨቱ ይስማማዋል።

መብራቱ የአምናን ክረምት ያለ አንዳች ጭረት ተሻገረ። ወደ ክፍል ወስጄ ለተማሪዎቼ ሳሳይ አንዱ «መምህር፥ ጀበና ነው ወይስ መብራት?» ብሎ ሁሉን አሣቀ። ማን እንዳስተማረኝ ነገርኋቸው። ደወል ተደውሎ ሁሉም ሲወጡ አንድ ልጅ ወደ ኋላ ቀረና፥ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የእኔም እናት ሸክላ ሠሪ ናት» አለኝ። በመዝገባችን ላይ ግን የእናቱን ሥራ «የቤት እመቤት» ብሎ አስጽፎ ነበር።

ዐፄ ምኒልክ ሠራተኛ በሥራው እንዳይሰደብ በ1900 ዓ.ም. በአዋጅ ከለከሉ። ከዚያ ወዲህ ከ100 ዓመት በላይ አልፎ፥ ዛሬም አንድ ልጅ የእናቱን ሙያ የሚደብቅ ከሆነ፥ ጉድለቱ የአዋጁ ሳይሆን የእኛ ነው። እናንተም መብራታችሁን ሠርታችሁ እንግዳ «ማን ሠራው?» ብሎ ሲጠይቃችሁ፥ ሸክላውን ያበጀውን ሰው አስቀድማችሁ ጥሩ። ልጁ በማግሥቱ መጥቶ መዝገቡን አስተካከለ።