የወታደር ቤተ ሰብ በሰው አገር

በዚህ ገጽ ስለ ቤት አያያዝና ስለ ልጆች አስተዳደግ በየሳምንቱ ስንጽፍ፥ ብዙውን ጊዜ የምናነሣው ባንድ ስፍራ ተተክሎ ስለሚኖር ቤት ነው። ዛሬ ግን በየሦስት ዓመቱ ምሰሶው ስለሚነቀል ቤት ጥቂት ለማለት አስበናል። ከአንባቢዎቻችን መካከል በመንግሥት ሥራ ወይም በትምህርት ምክንያት ቤተ ሰባቸውን ይዘው ባሕር ማዶ የኖሩ ብዙዎች ስለ ሆኑ፥ ነገሩ እንግዳ እንደማይሆንባቸው እናምናለን።

የምንነግራችሁ ቤት በጀርመን አገር፥ ከካይዘርስላውተርን ከተማ ጥቂት ራቅ ብላ በምትገኝ አንዲት መንደር ውስጥ ነበር። በዚህ አውራጃ የራምሽታይን የአይሮፕላን ሰፈርና ሌሎችም የአሜሪካ የጦር ሰፈሮች ይገኛሉ፤ ወታደሩ፥ ሲቪል ሠራተኛውና ቤተ ሰቡ ሁሉ ሲቈጠር ወደ 50,000 የሚጠጋ አሜሪካዊ እንደሚኖርበት ይነገራል። አሜሪካኖቹም የከተማይቱ ስም ለምላሳቸው ስለ ከበደ «ኬይ ታውን» ብለው አሳጥረው ይጠሯታል።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካለቀ በኋላ የመጀመሪያዎቹ የአሜሪካ ወታደሮች ሚስቶችና ልጆች በመርከብ ተሳፍረው ብሬመርሃፈን ከሚባለው የጀርመን ወደብ የደረሱት በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1946 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር ነው። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ተማሪ ቤቶች ተከፈቱላቸው። በዚያን ጊዜ ብዙዎቹ ከተሞች ገና ፍርስራሽ ነበሩ። ይህ የተደረገው ለርኅራኄ ብቻ አይመስለንም፤ ከቤቱ ብዙ ዘመን የተለየ ወታደር ልቡ እንደሚሸፍት ማንም የጦር አለቃ ያውቀዋል። የእኛም አባቶች ያውቁት ነበር፤ ጦር ሲዘምት ሚስትና ልጅ ከጓዙ ጋር ይከተል ነበርና፤ እቴጌ ጣይቱም በእኛ አቈጣጠር በ1888 ዓ.ም. ከባለቤታቸው ጋር ወደ ዐድዋ መዝመታቸውን የማያውቅ የለም። ልዩነቱ፥ በዚያን ጊዜ ጓዙ ጦሩን ይከተል ነበር፤ ዛሬ ግን ጓዙ እስከ ጦር ሰፈሩ ድረስ ይመጣና ጦሩ እዚያው ትቶት ይሄዳል።

እኛ በዚያች መንደር ሁለት ዓመት ስንቀመጥ ጎረቤታችን አንድ ሻለቃ ነበሩ፤ ሥራቸውም በስንቅና በመጓጓዣ ክፍል ነው። ስማቸውን መጻፍ አያስፈልግም። የ16 ዓመት ሴት ልጅ፥ የ10 ዓመት ወንድ ልጅና ገና 3 ዓመት የሞላው ትንሽ ልጅ ነበሯቸው። ታላቂቱ በጆርጂያ፥ ሁለተኛው በቴክሳስ፥ ትንሹ እዚያው በጀርመን በላንድሽቱል የጦር ሐኪም ቤት ተወለዱ። «አገራችሁ ወዴት ነው?» ብለን በጠየቅናቸው ጊዜ ወንዱ ልጅ «ቴክሳስ» ብሎ ቶሎ መለሰልን፤ ታላቂቱ ግን «የትኛውን ማለታችሁ ነው?» አለችን።

በዚያ ቤት ቀኑ የሚጀምረው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነው። ሻለቃው ከወታደሮቻቸው ጋር ለመሮጥ ይወጣሉ፤ ወይዘሮዋ ምሳ ይቋጥራሉ፤ ከጧቱ 1 ሰዓት የተማሪ ቤቱ አውቶቡስ ከመምጣቱ በፊት ዘወትር አንድ ጫማ ይጠፋል። ወይዘሮዋ ራሳቸው በጦሩ ሐኪም ቤት የጽሕፈት ሥራ ነበራቸው። በወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ አንድ ትልቅ የቀን መቍጠሪያ ተሰቅሎ፥ ለእያንዳንዱ ሰው የተለየ ቀለም ተሰጥቶት፥ የጥርስ ሐኪሙ፥ የኳስ ጨዋታው፥ የሙዚቃው ትምህርት ሁሉ ይጻፍበታል። የአባትየው ቀለም ቀይ ነው፤ ቀዩም ሁልጊዜ የሌሎቹን ቀለም እየሠረዘ ይጻፍ ነበር። ከቀኑ 11 ሰዓት ሲሆን በጦር ሰፈሩ የሰንደቅ ዓላማው መውረጃ መለከት ይነፋል፤ ያን ጊዜ መኪና ሁሉ ባለበት ይቆማል። ወይዘሮዋ አንድ ቀን እየሣቁ «በቀኑ ውስጥ ዕረፍት የማገኘው በዚያች መለከት ብቻ ነው» ብለውናል።

ከሰፈሩ መደብር በዶላር ይሸምታሉ፤ ቡናና ትምባሆ ግን ወደ ጀርመኖች ገበያ እንዳይወጣ በካርድ ተለክቶ ይሰጥ ነበር። ደብዳቤ በጦሩ ፖስታ ስለሚመጣ፥ ከአሜሪካ የሚጽፍላቸው ሰው በአገር ውስጥ ቴምብር ብቻ ይልካል። ከዚህ በቀር ያለው ሁሉ የጀርመን ነው፤ የኤሌክትሪኩም ኃይል እንዲሁ። ወይዘሮዋ ከእናታቸው የወረሱት የሊጥ ማቡኪያ መኪና፥ በአሜሪካ በ120 ቮልት የሚሠራ፥ በጀርመን 230 ቮልት ላይ በተሰካ ጊዜ በአንድ ደቂቃ ጢሱ ወጣ። ይህን ሲነግሩን ከማቡኪያው ይልቅ እናታቸውን ያጡ ይመስሉ ነበር።

በጀርመን መንደር የእሑድ ቀን ጸጥታ ትልቅ ነገር ነው። ሱቅ ይዘጋል፤ ሣር አይታጨድም፤ ጠርሙስም ወደ መጣያው አይጣልም። ጥራጊውም ቢሆን ወረቀቱ ለብቻ፥ የወጥ ቤቱ ትርፍራፊ ለብቻ፥ የዕቃ መጠቅለያው ለብቻ ነው፤ ጠርሙስ እንኳ ነጩ፥ አረንጓዴውና ቡናማው ይለያያል። ቤተ ሰቡ በመጣ በመጀመሪያው ወር፥ ልጁ ጠርሙሶቹን እንዲጥል ታዝዞ በእሑድ ቀን በቀትር ሄደና አንድ በአንድ እየወረወረ መስበር ጀመረ። በአጠገቡ የሚኖሩ አንዲት አሮጊት ሽርጣቸውን እንደ ታጠቁ ወጥተው በጀርመንኛ ተቈጡት፤ ልጁም ቋንቋውን ስለማያውቅ የሚያመሰግኑት መስሎት በፈገግታ እጅ ነሣቸውና የቀረውን ወረወረ። በማግሥቱ ወይዘሮዋ ኬክ ጋግረው ይቅርታ ለመጠየቅ ሄዱ። ሳሕኑ በሦስተኛው ቀን ተመለሰ፤ ከጓሯቸው የተለቀመ ፕሪም ሞልተውበታል። ከዚያ ወዲህ ልጆቹ ሁሉ «ኦማ» ይሏቸው ጀመር፤ በጀርመንኛ አያት ማለት ነው። እውነተኛዪቱ አያታቸው ከውቅያኖስ ማዶ ስለ ነበሩ፥ በጀርመን ከምሽቱ 3 ሰዓት ሲሆን በእርሳቸው ዘንድ ገና ከቀኑ 9 ሰዓት ነው፤ ትንሹ ልጅ በስልኩ መስተዋት ላይ ሲያያቸው ዘወትር እንቅልፉን ይዞ ነበር።

በሁለተኛው ዓመት ሻለቃው ለስድስት ወር ወደ ፖላንድ እንዲሄዱ ታዘዙ። ከመሄዳቸው በፊት ለባለቤታቸው የውክልና ወረቀት ፈረሙ፤ በዚህ ወረቀት ወይዘሮዋ ቤት ለመከራየት፥ መኪና ለመሸጥ፥ ከባንክ ገንዘብ ለማውጣት ሥልጣን አላቸው። ወታደሩ ሲሄድ ሚስቲቱ የቤቱ ወይዘሮም ጌታም ትሆናለችና ይህ መልካም ሥርዓት ነው፤ በእኛም አገር ለሩቅ ሥራ የሚሄዱ ባለቤቶች ቢያስቡበት እንወዳለን። ቀኑን ለመቍጠር ደግሞ እናትየው በአንድ አፈ ሰፊ ጠርሙስ 180 ከረሜላ ሞልተው በማዕድ ቤቱ መስኮት ላይ አኖሩ። ልጆቹ በየማታው ተራ በተራ አንድ ይወስዳሉ፤ ጠርሙሱ ባዶ ሲሆን አባት ይመጣል።

ሁለት ወር ያህል እንዳለፈ ትንሹ ልጅ በወንበር ላይ ወጥቶ አሥራ አንድ ከረሜላ ባንድ ጊዜ በላ። ቢጠየቅ አልካደም፤ «አባዬ ቶሎ እንዲመጣ ነው» አለ። ታላቅ ወንድሙም ተናዶ «አንተ ስለ በላኸው ቀኑ አይሄድም!» ብሎ ጮኸበት። እናትየው ሁለቱንም አስተኝተው በሌሊት አሥራ አንድ ከረሜላ መልሰው ጨመሩ። በማግሥቱ ቈጣሪው ልጅ ጠርሙሱን አይቶ እናቱንም አየና ምንም ሳይናገር ወደ ተማሪ ቤት ሄደ።

በዚያው ሳምንት የዝውውሩ ትእዛዝ መጣ። ሻለቃው ከፖላንድ እንደ ተመለሱ በሚቀጥለው በጋ መላው ቤተ ሰብ ወደ አሜሪካ ይሄዳል፤ የሚሰጣቸውም ሥራ ለማዕርግ ዕድገት የሚያበቃ ነበር። ለሌሎቹ ደስታ ነው። ለታላቂቱ ልጅ ግን የመጨረሻውን ዓመት፥ 12ኛውን ክፍል፥ በማያውቋት ሰዎች መካከል መጨረስ ነበር።

የአሜሪካ ወታደር ልጅ ከመጀመሪያው ክፍል እስከ 12ኛው ድረስ ከ6 እስከ 9 ጊዜ ተማሪ ቤት እንደሚለውጥ ይገመታል። ይህች ልጅ ሰባተኛዋ ነበረች። አንዱ ክፍለ አገር የሚያስተምረውን ሌላው አይቀበለውም፤ አንድ ጊዜ የተማረችውን ሒሳብ እንደገና እንድትማር ተደርጋ፥ ሌላ ጊዜ ደግሞ ያልተማረችውን ተፈትናለች። ይህን ችግር ለማቃለል በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ2008 ዓ.ም. የተጀመረ፥ በኋላም ሃምሳዎቹ ክፍላተ አገር ሁሉ የገቡበት ውል አለ፤ የትምህርቱንም ቍጥር በብዙ አስተካክሏል። ጓደኛ ግን በውል አይተላለፍም።

ልጅቱ ሁለት ቀን አልተናገረችም። በሦስተኛው ቀን በእኛ ፊት ለእናቷ «በሄድንበት ሁሉ አዲሷ ልጅ ተብዬ ተጠራሁ፤ አንድ ጊዜ እንኳ ነባር ልሁን» አለቻቸው። እኛም ልጅ ከወጣች በኋላ፥ እንደ አገራችን ልማድ፥ ልጅ ወላጆቿ የሄዱበት ልትሄድ ይገባታል ብለን ምክር መሰል ነገር ተናገርን። ወይዘሮዋ ሳሕን እያጠቡ ነበር፤ ዘወር ሳይሉ «እስካሁን ስትሄድ ነበር» አሉን። ከዚህ በኋላ የምንመልሰው አጣን።

በጦሩ ደንብ፥ የወታደሩ ልጅ የመጨረሻውን ክፍል እስክትጨርስ ድረስ ዝውውሩ እንዲቆይ ማመልከት ይቻላል። ነገር ግን ቤቱን ሁሉ በውክልና የሚፈርሙት እመቤት ይህን አንዱን ለመፈረም አልቻሉም፤ አመልካቹ ወታደሩ ራሱ ነውና። ያን ማታ በስልክ ከባለቤታቸው ጋር ብዙ ሰዓት ተነጋገሩ። በማግሥቱ እንደ ነገሩን፥ ሻለቃው በመጀመሪያ እምቢ ብለው ነበር፤ ያ የሥራ ቦታ ዓመት አይጠብቃቸውም፤ የማዕርጉም ተራ ሊያልፋቸው ይችላል። ብቻቸውን ቀድመው ሄደው ቤተ ሰቡ ዓመት በጀርመን ይቆይ የሚልም ሐሳብ ተነሥቶ ነበር፤ ይህን ግን ወይዘሮዋ አልተቀበሉም፤ «ሌላ 365 ከረሜላ አልገዛም» አሉ።

ሻለቃው በሦስተኛው ቀን ፈረሙ። እኛ ይህን ሰው እናከብራቸዋለን፤ ነገር ግን ዋጋ ያልከፈሉበት ነገር ነው ብሎ ማንም እንዳያስብ። ማዕርግ የሚጠብቅ ሹም ሁሉ ምን እንደ ተዉ ያውቃል።

መልሱ እስኪመጣ አምስት ሳምንት ቆየ፤ ተፈቀደ የሚል ነበር። በዚያ ቅዳሜ ልጅቱ ከኦማ ቤት መዶሻ ተውሳ ስትመጣ አየናት፤ በልብስ ሣጥን ውስጥ ተጠቅልሎ የኖረውን ሥዕሏን ልትሰቅል ነው። ቤቱ የኪራይ ስለ ሆነ እናትየው ግድግዳው እንዳይበሳ ሊከለክሏት አፋቸውን ከፍተው ነበር፤ ግን ተዉት።

ሻለቃው ከተባለው ቀን ሦስት ቀን ቀድመው፥ ሳይጠበቁ፥ በማታ ገቡ። ታላላቆቹ ልጆች እየሮጡ ተጠመጠሙባቸው። ትንሹ ግን ከእናቱ ቀሚስ ኋላ ቆሞ አያቸውና ወደ መስኮቱ ሄዶ ጠርሙሱን ይዞ መጣ፤ ሦስት ከረሜላ ቀርቶበታል። «ገና ነው» አላቸው። አባትየውም ቦርሳቸውን እንደ ያዙ በደጃፉ ቆሙ፤ ከዚያም ቈጣሪው ልጅ ጠርሙሱን ተቀብሎ አንዱን ለአባቱ፥ አንዱን ለወንድሙ፥ አንዱን ለራሱ አካፈለና «አሁን አልቋል፤ ይግቡ» አለ።