ለአይቲ ክፍል ልጆች፦ ከቨርጂኒያ የተላከ ደብዳቤ



ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በባንክ ቅርንጫፍ፣ በሆስፒታል፣ በዩኒቨርሲቲና በመንግሥት መሥሪያ ቤት «አይቲ» እየተባላችሁ ለምትሠሩት ነው። ፕሪንተር ሲያስቸግር የምትጠሩት፣ ፓስወርድ ሲረሳ የምትፈለጉት፣ «ሲስተም የለም» ሲባል ሰልፈኛው ሁሉ የሚያፈጥባችሁ እናንተ ናችሁ። ብዙዎቻችሁ በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቃችሁ፣ ኮድ የሚያስጽፍ ሥራ እስኪገኝ ጊዜያችሁ እየባከነ እንደሆነ ይሰማችኋል። እኔ ፕሮግራሚንግ የተማርኩት ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ ሔልፕ ዴስክ ተቀምጬ ስልክ እያነሳሁ ነው። በየቀኑ እየተመላለሰ የሚያሰለቻችሁ ችግር ራሱ መማሪያችሁ እንደሆነ ልነግራችሁ እፈልጋለሁ።

እዚህ ዋሽንግተን ዙሪያ ያለው የአበሻ መንገድ የታወቀ ነው። ቀን ታክሲ ወይም ፓርኪንግ፣ ማታ ኮርስ፤ ከዚያ የኮምፕቲያ ኤ ፕላስን ሁለት ፈተናዎች ማለፍ፣ ሲቀጥልም ሴኩሪቲ ፕላስ፤ ከዚያ የድጋፍ ሥራ። ጥሩ መንገድ ነው፣ ብዙ ቤተሰብ ቀጥ አድርጎ ይዟል። ነገር ግን ብዙ ሰው እዚያው የመጀመሪያው ወንበር ላይ ይቀራል፤ ይህን ስንፍና የሚሉ ሰዎች ሥራውን አያውቁትም። ሥራው የሚመዘነው በተዘጋ ቲኬት ብዛት ነው። አንድን ችግር ከሥሩ ነቅሎ ዳግም እንዳይመጣ ያደረገ ሠራተኛ በወሩ መጨረሻ የዘጋው ቲኬት አንሶ ይታያል። እንዲህ ባለ ሚዛን ላይ የተቀመጠ ሰው ለምን ይደክማል? ስለዚህ መጀመሪያ ያደረግሁት ለአለቃዬ ማሳየት ነበር፦ ይህ ጥሪ ባለፈው ወር ይህን ያህል ጊዜ መጣ፣ ችግሩን የሚፈታ ስክሪፕት ከጻፍኩ ወዲህ ይህን ያህል ቀነሰ። በወረቀት ላይ ሲሰፍር ገባቸው። እናንተም ኮዱን ከመጻፋችሁ በፊት ቆጥራችሁ ያዙ፤ ካልተቆጠረ ልፋታችሁን የሚያይ የለም።

እኔን ኮድ መጻፍ ያስጀመረኝ የተቆለፈ አካውንት ነው። ሰኞ ጠዋት ስልኩ አያርፍም። ሰው ከእረፍት ይመለሳል፣ ፓስወርዱን ደጋግሞ ይስታል፣ አካውንቱ ይቆለፋል። ፓወርሼል ላይ በአንድ መስመር የተቆለፉትን ማውጣት፣ በሌላ መስመር መክፈት ይቻላል። ይህን ማንም ይማረዋል። ዝርዝሩን ከተቆለፉበት ሰዓት ጋር ሳወጣው ግን ሌላ ነገር ታየኝ፦ ባለቤቱ ተኝቶ ሳለ በሌሊት የሚቆለፍ አካውንት አለ። ሰውየው ፓስወርዱን ቀይሯል፤ ስልኩ ግን አሮጌውን ይዞ ኢሜይል ለማምጣት ሌሊቱን ሙሉ ይሞክራል። ከዚያ በኋላ «ተከፍቷል፣ ይሞክሩት» ብሎ መዝጋት ቀረ፤ «ስልክዎ ላይ ያለውን ፓስወርድ ቀይረዋል?» ብሎ መጠየቅ መጣ። ኮድ መጻፍ ለእኔ ትርጉም ያገኘው የዚያን ጊዜ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥብቅ ማሳሰቢያ አለኝ። እናንተ እጅ ያለው የአድሚን ሥልጣን ነው። ስክሪፕት ትክክለኛውን ነገር ሺህ ጊዜ እንደሚያደርግ ሁሉ ስህተቱንም ሺህ ጊዜ ያደርጋል። ፓወርሼል «ዋት ኢፍ» የሚባል አማራጭ አለው፤ ምንም ሳይነካ ምን ሊያደርግ እንደነበር ብቻ ይነግራችኋል። ሳትጠቀሙበት ምንም አትቀይሩ። የደንበኛን ወይም የታካሚን መረጃ ለመለማመጃ ብላችሁ ቤት አትውሰዱ፣ ለኤአይም አትስጡ፤ የውሸት ስሞች ፈጥራችሁ ተለማመዱ።

የእናንተ ችግር ደግሞ እኔ ካየሁት እጅግ የበለጸገ ነው። ቀኑን ብቻ ተመልከቱ። ከውጭ ተገዝቶ የመጣ ሲስተም ላይ ሠራተኛዋ ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 30 ብላ ስታስገባ ይመልስባታል፤ ሁለተኛውን ወር ፌብሩዋሪ አድርጎ ስለሚቆጥር 30 ቀን የለውም ይላታል። ጳጉሜን ላይማ ወሩ ራሱ የለም። ወይም ከዳታቤዝ የወጣ የስም ዝርዝር ኤክሴል ላይ ሲከፈት ወደማይነበብ ምልክት ይለወጣል። እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ 8 ሦስት ባይት ይይዛል፤ ኤክሴል ይህን ካላወቀ አንዱን ፊደላችንን ሦስት ባዕድ ምልክት አድርጎ ያነበዋል። በፓይተን ፋይሉን እንደገና «ዩቲኤፍ 8 ሲግ» አድርጎ መጻፍ ይበቃዋል። ጥቂት መስመር ነው፣ ግን ስለ ባይትና ስለ ኢንኮዲንግ ብዙ ያስተምራል።

ከሁሉም በላይ የሚያንገበግበኝ የስም ፍለጋ ነው። ሆስፒታል ካርድ ክፍል ውስጥ አንዷ ሠራተኛ «ኃይለ ሥላሴ» ብላ የመዘገበችውን ሌላው «ሀይለስላሴ» ብሎ ይፈልገዋል። ሲስተሙ «አልተገኘም» ይላል፤ ለሰውየው ሁለተኛ ካርድ ይወጣለታል፤ የሕመሙ ታሪክ ሁለት ቦታ ይከፈላል። ይህን ከሩቅ ሆኖ ሲስተሙን የሠራው መሐንዲስ ሊያውቀው አይችልም። እናንተ ግን በየቀኑ ታዩታላችሁ። መፍትሔው ደግሞ ለጀማሪ የተሠራ ይመስላል። ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ሲገባ በየቤቱ ተደርድሮ ስለገባ፣ ከሠ ወደ ሰ ያለው የኮድ ቁጥር ርቀት 16 ነው፤ ከሡ ወደ ሱም፣ ከሢ ወደ ሲም 16። ከሐ ቤት ወደ ሀ ቤትም እንዲሁ 16 ነው። ከፀ ወደ ጸ 8፣ ከዐ ወደ አ 48፣ ከኀ ወደ ሀ 128። ሃን ወደ ሀ፣ ኣን ወደ አ መመለስና ክፍት ቦታውን ማጥፋት ይጨመርበት። በቁጥር መደመርና መቀነስ ብቻ ሁለቱ አጻጻፎች አንድ የፍለጋ ቁልፍ ይሆናሉ። ቁልፉ ግን በራሱ ዓምድ ይቀመጥ፤ ሰውየው ስሙን የጻፈበት ፊደል አይነካበት።

መማሪያ አይቸግራችሁም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና አለ፤ የሃርቫርዱ ሲኤስ 50 በነፃ ይገኛል፤ የአል ስዋይጋርት «አውቶሜት ዘ ቦሪንግ ስታፍ ዊዝ ፓይተን» ደራሲው ራሱ ድረ ገጹ ላይ በነፃ እንዲነበብ አድርጎታል። ለቢሮ ሰው ከዚህኛው ብትጀምሩ ይሻላል እላለሁ፤ የሚያስተምረው በኤክሴልና በፋይል ክምር ነው። ፓይተን አንዴ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ ስለዚህ ኔትወርክ ሲጠፋ ልምምዱ አይቆምም። መብራትን በተመለከተ ግን ከእናንተ በላይ የማውቀው የለኝም። ሰርተፊኬቱን ውሰዱ፤ ቀጣሪ ፊት ስትቀርቡ ግን ካርድ ክፍሉ የሚጠቀምበትን ስክሪፕት ይዛችሁ ቅረቡ።

አንድ ልመና አለኝ። ያንን የስም ፍለጋ ኮድ የሚጽፍ ሰው መሥሪያ ቤቱን አስፈቅዶ ጊትሃብ ላይ ያውጣው፤ እያንዳንዱ ሆስፒታልና ባንክ ለየብቻው እንደ አዲስ አይድከምበት። የተሟላ ባይሆንም ግድ የለም። ለእኛ እዚህ በሙያው ላለነው የኮድ ግምገማና ፍተሻ የዕለት ሥራችን ነው፤ ተቀምጠን እናነበዋለን፣ የጎደለውን ሞልተን እንልካለን። በሰዓት ልዩነቱ ምክንያት እናንተ ማታ የላካችሁትን እኛ ቀን እናየዋለን፤ በማግስቱ ቢሮ ስትገቡ መልሱ ይጠብቃችኋል።