በአሮጌ ውኃ ላይ አዲስ አትጨምሩ

የሙጃ ሽማግሌዎች፣ እኩዮቼ፣ ዛሬ የምናገረው ስለ ጉድጓዳችንና ስለ ሮቶአችን ነው። የሴት ሥራ ነው፣ የልጅ ሥራ ነው ብላችሁ አትለፉት፤ ሰው ይገድላል።

በ1995 እና በ1996 ዓ.ም. የውኃ ማቆር ዘመቻ የመጣበትን ጊዜ አትረሱትም። በአማራም በትግራይም ገበሬው ግቢውን ቆፈረ፤ አንዱ ፕላስቲክ አነጠፈ፣ ሌላው በስሚንቶ ለሰነ። ብዙው ፈረሰ ወይም ተቀደደ። ኋላ ደግሞ ጥቁሩ ሮቶ መጣ። ዕቃው ቢለያይም የሁላችንም ልማድ አንድ ነው፤ ሲጎድል እንጨምራለን። ከቆርቆሮው የሚወርደው የወፍ ኩስ፣ ቅጠልና አቧራ ታች ይዘቅጣል። አዲሱ ዝናብ ሲወርድበት ይበጠበጥና በጣሳ ቀድተን እንጠጣዋለን። ጨመርን እንጂ መቼ ለወጥን?

አዲስ አበባ ውስጥ በመስታወት ሣጥን ዓሣ የሚያኖሩ ሰዎች አሉ። ከዓሣው ኩስና ከተረፈ ምግቡ አሞኒያ የሚባል መርዝ ስለሚወጣ፣ በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ ከውኃው ሩብ ያህሉን ከነዝቃጩ በቀጭን ጎማ ከታች ስበው ያወጡና በንጹሕ ይተኩታል። የተነነውን ብቻ እየሞላ የሚኖር ሰው ዓሣው ያልቅበታል፤ ውኃው ይተናል፣ ቆሻሻው ግን እዚያው ይቀራል። ለጌጥ ዓሣ የሚደረገውን ለልጅ ልጆቻችን መንፈጋችን ያሳፍራል። የእነዚህ ሰዎች ብልሃት ሥራውን ማቅለላቸው ነው። ባልዲ ማመላለስ የሚያሰለች ሥራ ስለሆነ አንድ ቀን መዘለሉ አይቀርም፤ ጎማ ግን አይደክመውም።

እኛም በዚህ ዕድሜ ጄሪካን አንሸከምም። ስለዚህ ሮቶ ስታስቀምጡ ማፍሰሻው ከሥር፣ ከወለሉ እኩል ይሁን፤ የመቅጃው ቧንቧ ከፍ ይበል። አንድ ሺህ ሊትር ውኃ አሥር ኩንታል ነው፤ በባሕር ዛፍ ቆጥ ላይ አትስቀሉት፣ የድንጋይ መደብ ሥሩለት። የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት የፈለፈሉ አባቶች ቦዩን ተዳፋት አድርገው የጠረቡት ዝናቡ መውጫ እንዲያገኝ ነበር። እኛ ደግሞ አጠገባቸው እየኖርን መውጫ የሌለው ጎድጓዳ እንለስናለን!

ማፍሰሻ የሌለው ጉድጓድ ያላችሁ ጎማ ተጠቀሙ። ጎማውን ውኃ ሙሉትና ሁለቱንም ጫፍ በአውራ ጣት ድፈኑ፤ አንዱን ጫፍ ጉድጓዱ ውስጥ አስገቡ፣ ሌላውን ከውኃው ወለል ዝቅ ባለ ቦታ ልቀቁት። በአፋችሁ አትሳቡ። ቁልቁለት እንደሆነ በሙጃ አይጠፋም። ጊዜውም በልግ ወይም ክረምት ሊገባ ሲል፣ ውኃው ታች በቀረበት ሰሞን ይሁን፤ የሚባክነው ጥቂት ነው፣ እሱንም ጌሾው ይጠጣዋል። ግድግዳውን ከላይ ሆናችሁ በረጅም እንጨት ላይ በታሰረ ብሩሽ ፈትጉ። በረኪና ከተጠቀማችሁ ከሌላ ማጽጃ ጋር አትቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል።

ክዳን ይገጠም ሲባል «እኛ ደጋ ነን፣ ወባ አያውቀንም» የምትሉ አላችሁ። ልጆቻችሁ ግን ቆቦና ወልድያ ናቸው። አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለችው የወባ ትንኝ በአገራችን መጀመሪያ የታወቀችው እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ ነው፤ ኋላም እዚሁ ወሎ፣ ባቲ ላይ ተገኝታለች። በ2022 ድሬዳዋ ላይ በተነሣው የወባ ወረርሽኝ እጇ ነበረበት። ረግረግ አትጠብቅም፤ የቤት በርሜልና የስሚንቶ ጉድጓድ ይበቃታል። ልጆቻችሁን ክዳን ግጠሙ በሏቸው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ተዘግቶ የኖረ ጉድጓድ ውስጥ ማንም ሰው ለማጠብ አይውረድ። አየሩ ይታፈንና ገብቶ የወደቀውን ሊያወጣ የሚገባው ሁለተኛው፣ ከዚያም ሦስተኛው በላዩ ይወድቃሉ። ከዚህ የሚብሰው የቤንዚን ሞተር ነው። ውኃው ሩቅ ነው ብለው ሞተሩን ጉድጓድ ውስጥ የሚያወርዱ ሰዎች አሉ። ጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ያው በዝግ ቤት ከሰል አንድደው የተኙትን የሚገድለው ነው፤ ሽታ የለው፣ ቀለም የለው። ሞተሩ ከጠፋ በኋላም እዚያው ተኝቶ ይጠብቃል።

ሞተር ይዞ የመጣ ጎረምሳ «ላንድ አፍታ ነው፣ ላውርደው» ቢላችሁ፣ ሽማግሌ ናችሁና ቆማችሁ ከልክሉ። ሰው ወድቆ ብታገኙ ማንም ተከትሎ አይግባ። በገመድ ሜንጦ ልብሱን ይዛችሁ ከላይ መጎተት ትችሉ እንደሆነ ሞክሩ፤ ካልሆነም አየር በዕቃ የሚተነፍስ ሰው እስኪመጣ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆማችሁ የሚዘልለውን ወንድሙን ያዙት፣ ቢሰድባችሁም ያዙት።