የዘማቹ ሚስት ማን ነበረች?

ሰባት ቤት ቁጠር ብትሉኝ፣ በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ የዘመተውን ቅም አያቴን አልፌ እሄዳለሁ። የሚስቱን ስም ግን ቤታችን ውስጥ የሚያውቅ ጠፋ። «ባህላችን ነው፣ ዘር በአባት ነው» ይሉኛል። አልቀበልም! በጎጃም ርስት በእናትም በአባትም ይቆጠር ስለነበር፣ መሬት የሚጠይቅ ሰው ሴት አያቶቹንም መጥራት ነበረበት። የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ርስትን ሲያስቀር (ጭሰኛውን ነፃ አውጥቷልና አልነቅፈውም) ሴቶቹን የምንቆጥርበት ጉዳይ አብሮ ቀረ። አሁን በእጃችን ያለው መታወቂያ ላይ የሚጻፈው የአባትና የአያት ስም ነው። እኛ ደግሞ «በአንድ ምንጭ ዜና አይሠራም» እየተባልን የምንማር ነን!

የአባቴ አክስት ዘጠና ሊሞላቸው ነው። የዘማቹ ሚስት ሴት አያታቸው ናት፤ እስካሁን ግን ማንም አልጠየቃቸውም። ለፋሲካ አገር ቤት ስገባ መጀመሪያ የምሄደው እሳቸው ጋ ነው። ጆሯቸው ገና ይሰማል።