በዳኛ ፊት ድካምን ስለ መናገር

በሀገራችን በቀደመው የሙግት ሥርዓት አንደበተ ርቱዕ የሆነ ሰው ብዙ ጊዜ ይረታ ነበር። በላ ልበልሃ ሲባል ባለጉዳዩ ከችሎቱ መካከል ቆሞ ነገሩን በምሳሌ እያዋዛ ይናገር፥ ባላጋራውም በዚያው መልክ ይመልስ ነበር። ዛሬ በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን ጕልበታቸው በሕመም ሲደክም የአካል ጉዳት አበል ጠይቀው፥ ቢከለከሉ ይግባኝ ብለው የሚቀርቡበት ችሎት ግን ከዚህ እጅግ የተለየ ነው። በዚያ የሚከራከር ባላጋራ የለም፤ የመንግሥት ጠበቃም አይቆምም። ዳኛው ራሱ ይጠይቃል፥ ሰነዱን ይመረምራል፥ ይፈርዳል። እንግዲህ ለዚህ ችሎት እንዴት መዘጋጀት እንደሚገባ ጥቂት ልንናገር ወደድን።

አበሉን የሚሰጠው ሶሻል ሴኩሪቲ የተባለው መሥሪያ ቤት ነው። አበሉም ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ሠርተው ከደመወዛቸው ግብር ለከፈሉ ሰዎች ሲሆን ሕጉ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1956 ዓ.ም. ወጣ። ሁለተኛው ገቢያቸውና ሀብታቸው አነስተኛ ለሆነ ሰዎች በ1972 ታውጆ በ1974 ሥራ ላይ ዋለ። በሁለቱም ዘንድ ለአካለ መጠን የደረሰ አመልካች ሕመሙ ሥራ ሠርቶ ከማደር የሚያግደው፥ ቢያንስም 12 ወር የቈየ ወይም ይቈያል ተብሎ የሚጠበቅ፥ አለዚያም ለሞት የሚያደርስ መሆን አለበት።

ማመልከቻው ሲከለከል አብዛኛውን ጊዜ ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ ይጠየቃል፤ ያም ካልሆነ ወደ ዳኛ ይቀርባል። ለያንዳንዱ ይግባኝ የተሰጠው ቀነ ገደብ ደብዳቤው ከደረሰ በኋላ 60 ቀን ነው። ደብዳቤው በእንግሊዝኛ ተጽፎ ስለሚመጣ ብዙ አረጋውያን ልጃቸው እስኪመጣ ብለው ከጠረጴዛ ላይ ያኖሩታል፤ በዚህ መካከል ቀኑ ያልፋል። ስለዚህ ከመሥሪያ ቤቱ የመጣ ደብዳቤ ሁሉ በዚያው ዕለት ይነበብ።

የችሎቱ ቀን ቢያንስ ከ75 ቀን በፊት በጽሑፍ ይነገራል። በቀጠሮው ያለ በቂ ምክንያት የቀረ ሰው ይግባኙ ሊሰረዝበት ይችላል። የሐኪም ማስረጃ ሁሉ ከችሎቱ ቢያንስ 5 የሥራ ቀን አስቀድሞ መግባት አለበት፤ ያልደረሰ ማስረጃ ቢኖርም በዚሁ ጊዜ ውስጥ ማስታወቅ ይገባል። ከማስረጃዎቹ ሁሉ ጠቃሚው ሐኪሙ ሕመምተኛው ምን መሥራት እንደማይችል የገለጸበት ጽሑፍ ነው። የሕመሙ ስም ብቻውን ብዙ አይረዳም፤ ዳኛው ለማወቅ የሚፈልገው ሰውየው ስንት ደቂቃ መቀመጥ፥ ስንት ደቂቃ መቆም፥ ምን ያህል ክብደት ማንሣት እንደሚችል ነው።

ሕክምናው ተቋርጦ ከሆነ ዳኛው ምክንያቱን መጠየቁ አይቀርም። የገንዘብ እጦት ከሆነ ይህንኑ መናገር ነው። ጠበል የሚጠመቁ ወገኖቻችንም መድኀኒታቸውንና የሐኪም ቀጠሯቸውን እንዳይተዉ እንመክራለን፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልምና።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። የእኛ ሰው «እንደምን ነዎት?» ሲባል ሕመም ቢጠናበትም «ደኅና ነኝ፥ እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ይመልሳል። ይህ በቤታችን ያማረ ጨዋነት ነው። በችሎት ግን አስተርጓሚው ቃሉን እንደ ተነገረ ይተረጕመዋል፤ ንግግሩም ሁሉ ተቀድቶ በመዝገብ ይኖራል። ለምሳሌ ያህል ብዙ ዘመን ታክሲ ሲነዳ ኖሮ ወገቡ የተጐዳ አንድ አባት «የቤት ሥራ ይሠራሉ?» ተብሎ ቢጠየቅና ስለ ክብሩ «አዎን፥ እሠራለሁ» ቢል፥ አንድ ሳህን አጥቦ ግማሽ ሰዓት እንደሚተኛ ማን ያውቅለታል? እውነተኛው መልስ «ጥቂት እሠራለሁ፥ ከዚያ በኋላ እተኛለሁ» የሚል ነው። ድካምን በልኩ መናገር ምስክርነት እንጂ ማማረር አይደለም። እንዲሁም ሕመምን አጋንኖ መናገር ጕዳት ያመጣል፤ በሐኪሙ መዝገብ ካለው ጋር ሲጋጭ እውነቱ ሳይቀር ይጠረጠራልና።

ዳኛው ቃል ከመቀበሉ አስቀድሞ ያስምላል። መሐላን የሚፈራ ሰው በመሐላ ፈንታ እውነት እንደሚናገር በቃሉ ማረጋገጥ ይፈቀድለታል፤ ስለዚህ በዚህ ነገር የሚጨነቅ አይኑር።

አስተርጓሚን በሚመለከት መሥሪያ ቤቱ አማርኛ ተርጓሚ ያለ ዋጋ ያቀርባል፤ አስቀድሞ መጠየቅ ብቻ ያስፈልጋል። እናት የሰውነቷን ሕመም በልጇ አፍ ማስነገር ታፍራለች፤ ልጅም የእናቱን ክብር ሲጠብቅ ነገሩን ያለዝበዋል። ስለዚህ ልጆች ለማጽናናት አብረው ይሂዱ፥ ትርጓሜውን ግን ለባለሙያው ይተዉ።

በችሎቱ ብዙ ጊዜ የሥራ ዓይነቶችን የሚያውቅ ባለሙያ ይቀርባል። ዳኛውም «እንዲህና እንዲህ ማድረግ የማይችል ሰው ምን ሥራ ያገኛል?» ብሎ ይጠይቀዋል። ባለጉዳዩ ወይም ጠበቃው ይህን ባለሙያ መልሶ የመጠየቅ መብት አለው። በ2024 በተሻሻለው ደንብ መሠረት የሚመረመረው የቀድሞ ሥራ የ5 ዓመት ብቻ ነው፤ ከዚያ በፊት 15 ዓመት ነበር። እንግዲህ በእነዚህ ዓመታት ምን ሥራ እንደ ተሠራ፥ ምን ያህል ሸክም እንደ ነበረበት አስቀድሞ ጽፎ መያዝ መልካም ነው።

ጠበቃ መያዝ ግዴታ አይደለም፤ ነገር ግን ይጠቅማል። በተለመደው ውል የጠበቃው ዋጋ የሚከፈለው ባለጉዳዩ ከረታ ብቻ ሲሆን፥ ከተጠራቀመው አበል ከመቶ 25 እጅ አይበልጥም፤ መንግሥትም በላዩ ጣራ አበጅቶለታል። ዳኛው ቢፈርድበትም በ60 ቀን ውስጥ ለይግባኝ ጉባኤው ማመልከት፥ ከዚያም ወደ ፌዴራል ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል።

እንግዲህ በቤታችሁ እንዲህ ያለ ቀጠሮ የሚጠብቅ ሰው ካለ፥ ዛሬ ማታ ደብተር ይዛችሁ ከአጠገቡ ተቀመጡ። ሌሊት ስንት ጊዜ እንደሚነቃ፥ ደረጃ ሲወጣ የት ላይ እንደሚያርፍ፥ በወር ስንት ቀን ከአልጋ እንደማይነሣ ጠይቃችሁ ጻፉ። ምናልባት እናንተም ከዚህ በፊት ያልነገራችሁን ትሰሙ ይሆናል። በሽታውን የደበቀ መድኀኒት የለውም የሚለው የአባቶቻችን ቃል በሐኪም ፊት እንደሚሠራ ሁሉ በዳኛም ፊት ይሠራል።