ቤዝ መጨመር ድምፅ ማሳመር አይደለም!

ትናንት የቀድሞ ተማሪዬ በሚነዳው ሚኒባስ ጋቢና ተቀምጬ፣ «ቲቸር፣ አዲሱ ሳውንዴ እንዴት ነው?» አለኝ። እውነቱን ነገርኩት፤ በሩ ይንቀጠቀጣል፣ ዘፋኙ ግን አይሰማም።

ወረፋ ስንጠብቅ አብረን ነካካነው። መጀመሪያ ቤዙንም ትሬብሉንም ዜሮ ላይ መለስን። ከዚያ የጎደለውን ከመጨመር ይልቅ የበዛውን ቀነስን። የኋላ ተሳፋሪ ጆሮ ስር ያለውን ስፒከርም በፌደር ዝቅ አደረግነው። ክራሩም ግጥሙም ብቅ አለ! ልጁ ራሱ ገረመው።

ነገሩ ቀላል ነው። ጠባብ መኪና በራሱ ቤዝ ያጎላል። እኛ ደግሞ ስንጨምርበት አምፕሊፋየሩ ከአቅሙ በላይ ይሆንና ድምፁ ይሰነጠቃል፣ ስፒከርም ይቃጠላል።

ስፒከር ይገዛል፤ ጆሮ ግን አይገዛም። 85 ዴሲቤል ላይ ለጆሮ የሚመከረው ገደብ በቀን 8 ሰዓት ነው። በየ3 ዴሲቤሉ ጭማሪ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል፤ 88 ላይ 4 ሰዓት፣ 91 ላይ 2 ሰዓት ብቻ! ተሳፋሪው ቶሎ ይወርዳል። ሾፌሩና ረዳቱ ግን ከጠዋት እስከ ማታ እዚያው ናቸው።

ሾፌር የሆናችሁ ተማሪዎቼ፣ ይሄን የቤት ሥራ እንኳ ሥሩልኝ። ዜሮ ላይ መልሳችሁ አንድ ዘፈን ስሙና ኮሜንት ላይ ንገሩኝ።