ፊሽካው በመጀመሪያው ሩብ ይነፋ

ለተከበሩ የመጽሔቱ አዘጋጅ፤

በቅርቡ በመጽሔትዎ የስፖርት ዓምድ፣ በአሜሪካ ኮሌጆች የሚካሄደው የሴቶች የቅርጫት ኳስ ጨዋታ በፊሽካ ብዛት እየተቆራረጠ ውበቱን አጥቷልና ዳኞች ታግሠው ልጃገረዶቹን እንደ ልባቸው ያጫውቷቸው ዘንድ የሚያሳስብ ጽሑፍ ወጥቶ አንብቤአለሁ። ጸሐፊው ጨዋታውን ከልብ የሚወዱ ሰው መሆናቸው ከአነጋገራቸው ስለሚታወቅ ለቅንነታቸው ያለኝን አክብሮት አስቀድሜ እገልጻለሁ፤ ሆኖም ሐሳባቸው ለሴቶቹ ጥንካሬ ክብር የሰጠ መስሎ ቢታይም፣ በፍጻሜው የሚጐዳው እነዚያኑ ሴቶች ስለ ሆነ ዝም ብዬ አልፈው ዘንድ ኅሊናዬ አልፈቀደልኝም። በእኔ አስተያየት ጨዋታውን የሚያቆራርጠው የፊሽካው መዘግየት ነው፤ በመጀመሪያው ሩብ ሳይቀጣ የታለፈ ጥፋት በአራተኛው ሩብ ጉዳትና ጠብ ሆኖ ይመለሳልና።

መጋፋትን የሚከለክለው ደንብ ከጨዋታው ጋር አብሮ የተወለደ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። ጄምስ ኔይስሚዝ የተባሉት መምህር እ.ኤ.አ. በ1891 መጨረሻ፣ በማሳቹሴትስ ግዛት በስፕሪንግፊልድ ከተማ፣ በወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር ማሠልጠኛ ውስጥ 13ቱን ደንቦች ሲደነግጉ፣ በአምስተኛው ላይ ባላጋራን በትከሻ መግጨትን፣ መያዝን፣ መግፋትን፣ ማደናቀፍንና መምታትን በግልጽ ከልክለዋል፤ ይህን የደገመ ተጫዋች የሚቀጥለው ግብ እስኪገባ ድረስ ከሜዳ እንዲወጣ፣ ሆን ብሎ ለመጉዳት ማሰቡ የታወቀበት ደግሞ ተተኪ ሳይገባለት እስከ ጨዋታው ፍጻሜ እንዲገለል አዝዘዋል። ከዚህም በላይ አንድ ወገን በተከታታይ ሦስት ጥፋት ቢሠራ ለተቃራኒው ወገን አንድ ግብ እንዲቈጠርለት ወስነው ነበር። ይህን የመጨረሻውን ድንጋጌ አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ፤ ዝቅ ብዬ እመለስበታለሁ።

በሊትዌኒያ የተወለዱት መምህርት ሴንዳ በረንሰን ጨዋታውን በዚያው ግዛት ወደሚገኘው ወደ ስሚዝ ኮሌጅ ባስገቡ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በማርች 1893 የአንደኛ ዓመትና የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች ገጠሙ፤ ኳሱም ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ላይ በተጣለበት ቅጽበት የአንደኛ ዓመቱ ቡድን መካከለኛ ተጫዋች ትከሻዋ ወለቀ። እንግዲህ የሴቶች ኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ገና ከመባቻው ከጉዳት ጋር ተዋውቋል፤ ያ ጉዳት የማንም ክፋት ያመጣው አልነበረምና ወደ ኋላ ለምናገረው ነገር ምስክር ይሆነኛል። በረንሰንም የዘመናቸው አስተሳሰብ በሴት ገላ ላይ የነበረውን ሥጋት እያሰቡ፣ ኳስን ከባላጋራ እጅ መንጠቅን ከለከሉ፣ ሜዳውን በሦስት ክፍል ከፈሉ፣ ተጫዋቾችም ከየክፍላቸው እንዳይወጡ አደረጉ። የዚህ ሥርዓት ርዝራዥ እጅግ ዕድሜ ያለው ነው፤ የኮሌጅ ሴቶች አምስት አምስት ሆነው በሙሉ ሜዳ መጫወታቸው የጸናው እ.ኤ.አ. በ1971 ሲሆን፣ በአይዋ ግዛት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ልጃገረዶች ስድስት ስድስት ሆነው በግማሽ ሜዳ መወሰናቸው እስከ 1993 ድረስ ቆይቷል።

ያ ዘመን እንዲመለስ የሚመኝ ሰው ቢኖር እኔ ከእርሱ ጋር አይደለሁም። የቀድሞው ሥርዓት የምትገፋዋን መቅጣት ሲገባው፣ የምትሮጠዋን አሰረ፤ በጥቂቶች ጥፋት ምክንያት የሁሉንም እግር ገደበ። የዛሬው «አጫውቷቸው» ደግሞ በተቃራኒው መንገድ ሄዶ ወደዚያው ስሕተት ይደርሳል፤ የምትገፋዋን ነፃ ለቅቆ፣ ፈጣኗንና ጥበበኛዋን በገፊዋ ክንድ ሥር ያስቀራታልና። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ የሚለው የአባቶቻችን ብሂል በዓመት አንድ ቀን ለሚውል በዓል የተነገረ ነው፤ በየሳምንቱ ለምትጫወት፣ የትምህርቷም ወጪ የነገ እንጀራዋም በጉልበቷ ላይ ለተንጠለጠለ ተማሪ ግን ሕግ ሊሆናት አይችልም።

መጋፋቱ እንዴት እንደሚሠራ ላስረዳ። ከቅርጫቱ ሥር ሁለት ረጃጅም ልጆች ጀርባና ደረት ገጥመው ሲቆሙ፣ ከኋላ ያለችው ጉልበቷን ከፊተኛይቱ ጭን ሥር አግብታ ሚዛኗን ታናጋለች፤ ኳስ ያልደረሰበት ስፍራ ስለ ሆነ ዓይን ሁሉ ወደ ሌላ ይመለከታል። ኳስ እያነጠረች የምትገሰግሰውን ደግሞ ተከላካይዋ ዳሌዋ ላይ እጇን አኑራ እንደ ልጓም ትገታታለች። ይህ እንዳይሆን እ.ኤ.አ. ከ2013-14 የውድድር ዘመን ጀምሮ፣ ተከላካይዋ ኳስ በያዘችው ላይ ሁለት እጇን እንዳታኖር፣ የታጠፈ ክንዷን እንዳታስደግፍባት፣ አንድ እጇንም ቢሆን አኑራ እንዳትቆይ፣ እየደጋገመችም በመነካካት እንዳታውካት ተደንግጓል። ድንጋጌው የጠራ ነው። ችግሩ አፈጻጸሙ ከወር ወር መለዋወጡ ነው፤ በኅዳር የውድድሩ ዘመን ሲከፈት ለእያንዳንዱ ንክኪ የሚነፋው ፊሽካ፣ በመጋቢት የዋንጫው ውድድር ሲደርስ ድምፁ ሲቀንስ በየዓመቱ አያለሁ። ሕግ በወራት መለወጥ የሚለዋወጥ ከሆነ ደግሞ አሠልጣኞች ለደካማው ወር እየተዘጋጁ ተጫዋቾቻቸውን ለመግፋት ያሠለጥኗቸዋል፤ የሚያደርጉትም በቂም ሳይሆን በስሌት ነው።

ስሌቱን የሚያግዝ ሌላ ነገርም አለ። የሴቶቹ ጨዋታ እ.ኤ.አ. ከ2015-16 ወዲህ በአራት ባለ 10 ደቂቃ ሩቦች ተከፍሏል፤ የቡድን ጥፋት ቈጠራም በየሩቡ ይታደሳል፤ ተጋጣሚው ሁለት የቅጣት ውርወራ የሚያገኘው በአንዱ ሩብ ውስጥ አምስተኛው ጥፋት ሲፈጸም ነው። በውርወራ ላይ ያለችን ተጫዋች መምታት ምንጊዜም ቅጣት ቢኖረውም፣ ከዚያ ውጭ ባለው ግፊያ አንድ ቡድን በየሩቡ አራት፣ በጨዋታው 16 ጥፋት ያለ ቅጣት ውርወራ ሊሠራ ይችላል ማለት ነው፤ አንዲት ተጫዋች በአምስት ጥፋት ከሜዳ ስለምትወጣም አሠልጣኙ ግፊያውን ለብዙ እጆች ያካፍለዋል። ኔይስሚዝ በሦስት ተከታታይ ጥፋት ግብ ያስቈጥሩ ነበርና፣ ከዚያ ጋር ሲነጻጸር የእኛ ዘመን ምን ያህል ቸር እንደ ሆነ ይታያል። ሩቦቹን አልነቅፍም፤ ጨዋታውን አፍጥነውታል። ነገር ግን ሕጉ ራሱ ይህን ያህል ሲታገሥ፣ ዳኛው በሕጉ ትዕግሥት ላይ የራሱን ትዕግሥት ሊጨምርበት አይገባም።

ወደ ጉዳት ስመጣ፣ ክርክሬን ለማጽናት ብዬ እውነትን ልዘልል አልሻም። ከሁሉ ይበልጥ የምናዝንበት የጉልበት ጉዳት፣ ማለት የፊተኛው መስቀለኛ ጅማት መበጠስ፣ በሴት ተጫዋቾች ላይ ከወንዶቹ ይልቅ እጅግ እንደሚበዛ፣ አብዛኛውም ማንም ሳይነካቸው በዝላይ ሲያርፉ ወይም በድንገት ሲታጠፉ እንደሚደርስ የሕክምና ሊቃውንት አረጋግጠዋል። ከኮኔቲከት ዩኒቨርሲቲ ፔጅ ቤከርስ እ.ኤ.አ. በ2022 ክረምት፣ አዚ ፈድም በ2023 ኅዳር ከውድድር ጨዋታ ውጭ ይህ ጅማት ሲበጠስባቸው ዳኛ ተጠያቂ አልነበረም። ስለዚህ ፊሽካ ጉልበትን ሁሉ ያድናል ብዬ አልምልም። ዳሩ ግን በአየር ላይ ሳለች የተገፋችና ማረፊያዋን የተነጠቀች ተጫዋች ቁርጭምጭሚቷ መዞሩ፣ በክርን የተመታች ፊቷ መሰንጠቁ፣ ወለል ላይ የተጣለች አንጎሏ መናወጡ ከሰው እጅ የመጣ ነው፤ ይህንንም መከልከል ይቻላል።

ከዚህ ሁሉ በላይ፣ ሕዝብ በፊሽካው ላይ እምነቱን ሲያጣ ዳኝነቱን ለራሱ ይወስዳል። እ.ኤ.አ. ማርች 24 ቀን 2025 በሎስ አንጀለስ፣ የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲዋ ጁጁ ዋትኪንስ በተከላካዮች መካከል ወደ ቅርጫቱ ስትሮጥ ጉልበቷን ተጐድታ በወደቀች ጊዜ፣ ተመልካቹ የተጋጣሚው የሚሲሲፒ ስቴት ልጆች ኳስ በያዙ ቍጥር በጩኸት ያዋርዳቸው ነበር። በእኔ ፍርድ ይህ በደል ነበር፤ እነዚያም ተማሪዎች ነበሩ፣ ለክፋት እንዳልወጡም አምናለሁ። ነገር ግን ተመልካቹ እጅ ሲያርፍ አይቶ ፊሽካ ያልሰማባቸውን ብዙ ምሽቶች በልቡ አከማችቶ እንደ መጣ ለሚያስተውል ሰው፣ ቁጣው ከየት እንደ ተነሣ መገመት አያዳግትም።

ተጫዋቾቹም እንዲሁ ናቸው። እ.ኤ.አ. ማርች 10 ቀን 2024 በግሪንቪል፣ የሳውዝ ካሮላይናና የሉዊዚያና ስቴት (ኤል.ኤስ.ዩ.) ዩኒቨርሲቲዎች በሊጋቸው ፍጻሜ ሲገናኙ፣ ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው፣ አንዷ ሌላይቱን ሆን ብላ ከያዘቻት በኋላ የሳውዝ ካሮላይናዋ ካሚላ ካርዶሶ የኤል.ኤስ.ዩ.ዋን ፍላውጄ ጆንሰንን ገፍትራ ጣለቻት፤ ከተቀመጡበት ተነሥተው ወደ ሜዳ የገቡትም ተጨምረው በጠቅላላው ስድስት ተጫዋቾች ተባረሩ። ካርዶሶ በአደባባይ ይቅርታ ጠይቃለች፤ ለአንድ ጨዋታም ታግዳለች፤ በእርሷ ላይ የምጨምረው የለኝም። እኔን የሚያሳስበኝ ያ ግፍትሪያ ከመድረሱ በፊት ያለፈው ግማሽ ምሽት ነው፤ ጠብ በአንድ ጊዜ አይወለድምና።

በዚያው ዓመት ኤፕሪል 5 ቀን፣ በክሊቭላንድ ከተማ፣ አይዋና ኮኔቲከት ለፍጻሜ ለማለፍ ሲፋለሙ፣ ኮኔቲከት በአንድ ነጥብ ተመርታ 3.9 ሰከንድ ሲቀር፣ ለጓደኛዋ መንገድ ለመክፈት ተከላካይ ፊት የቆመችው አሊያ ኤድዋርድስ ተንቀሳቅሳ ገጭታለች ተብላ ጥፋት ተቈጠረባት፤ አይዋም 71 ለ 69 አሸንፋ አለፈች። የዓምዱ ጸሐፊ ይህን ምሳሌ ለራሳቸው ሐሳብ ጠቅሰውታል፤ ዳኛ እንዲህ ባለ ሰዓት እጁን መሰብሰብ ነበረበት ይላሉ። እኔ ግን ደንቡ የሚለውን አይቼ ፍርዱን እቀበላለሁ፤ የቆመችው ጸንታ መቆም ነበረባት። አገር ሁሉ የተቈጣው እንዲህ ያለው ግርዶሽ ዓመቱን ሙሉ በየሜዳው እየታለፈ ስለ ኖረ፣ በመጨረሻው ሰከንድ ሲቀጣ አዲስ ሕግ የወጣ ስለ መሰለው ነው። በመጀመሪያው ሩብ ቢነፋ ኖሮ ማንም ልብ ባላለው፣ ኤድዋርድስም በአራተኛው ሩብ እግሯን ባጸናች ነበር።

ይህን ስል ዳኞችን ፍርደ ገምድል ናቸው ብዬ አልከስም። ሦስት ሆነው አሥር ፈጣን ተጫዋቾችን ይጠብቃሉ፤ ብዙዎቹ ቋሚ ደመወዝተኛ ሳይሆኑ በየጨዋታው የሚቀጠሩ ስለ ሆኑ በተከታታይ ሌሊቶች ከከተማ ወደ ከተማ ይበራሉ። የሴቶቹን የዋንጫ ውድድር የሚዳኙት ከወንዶቹ ዳኞች ጋር እኩል መከፈል የጀመሩት ገና እ.ኤ.አ. በ2022 ነው፤ ያም የሆነው በ2021 አንዲት ተጫዋች ለሴቶቹ የተሰጠውን ምስኪን የስፖርት መሣሪያ ክፍል በቪድዮ ለዓለም ካሳየችና ነገሩ በጥልቀት ከተመረመረ በኋላ ነበር። በመደበኛው የውድድር ወራት ግን ክፍያው በየሊጉ የሚወሰን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2022 የተደረገ የጋዜጠኞች ምርመራም በብዙ ሊጎች የወንዶቹን ጨዋታ የሚዳኝ የበለጠ ይከፈለው እንደ ነበር አሳይቷል። ብቁ ዳኛ የተሻለ ወደሚከፈልበት ቢሄድ ማን ይፈርድበታል? የቀሩትም ደክመው፣ አሠልጣኝ ከዳር እየጮኸባቸው፣ ጥቂት ነፍቶ ማለፍን ቢመርጡ አይደንቅም። የጸሐፊው «አጫውቷቸው» ይህን ድካም ጥበብ ብሎ ይሰይመዋል።

በሜሪላንድና በቨርጂኒያ፣ በሚኒሶታም የሚኖሩ ወገኖቻችን ልጆች ዛሬ በየትምህርት ቤቱ የቅርጫት ኳስ ይጫወታሉ፤ እናቶችንም ቅዳሜ ቅዳሜ በየአዳራሹ ተቀምጠው እናያለን። ልጆቹ የኮሌጁን ጨዋታ በቴሌቪዥን እያዩ ይማራሉና፣ እዚያ የተፈቀደው ክርን በወሩ እዚህ ይደርሳል።

ስለዚህ ከአንባቢዎችዎ መካከል በኮሌጅ የሚሠሩ ወይም ልጃቸው በኮሌጅ የምትጫወትላቸው ሁሉ፣ ሊጎቻቸው በመጋቢት የተጀመረውን እኩል ክፍያ በኅዳርም ይፈጽሙት ዘንድ፣ ለንክኪ የወጣውም ድንጋጌ ከመጀመሪያው ጨዋታ እስከ ፍጻሜው በአንድ መለኪያ ይተረጐም ዘንድ እንዲጠይቁ እለምናለሁ። የዓምዱን ጸሐፊ ደግሞ በትሕትና አንድ ነገር እጠይቃለሁ፤ በሚቀጥለው ጨዋታ የመጀመሪያውን ሩብ 10 ደቂቃ ኳሱን ትተው ከቅርጫቱ ሥር የቆሙትን ሁለት ልጆች ብቻ ይመልከቱልኝ፤ ያዩትንም በዓምዳቸው ይጻፉልን።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣

አንድ የመጽሔትዎ አንባቢ
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ